በእንጨት የሰጠሁት ጉርሻ

ልጄ ጃፓን ልትሄድ መሆኑን የሰማሁት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፤ ስለዚህ ያን ዕለት እንባዬ የምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀብኝም።

«እማዬ፣ በረዶው ሲያልፍ አኪታ እንገባለን» አለችኝ፣ ኦስሎ ስቶቭነር ሰፈር ባለው ቤቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ። አኪታ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። በስልኳ ካርታውን አሳየችኝ፤ በጃፓን ሰሜን በኩል፣ በረዶ ከሰው ቁመት በላይ የሚከመርበት አውራጃ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ከዚህ አገር የሚሸሸው እኮ ፀሐይ ፍለጋ ነው። ከበረዶ ወደ በረዶ ምን የሚሉት ስደት ነው?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ነገሩ ለመረዳት አይከብድም፤ የሚከብደው ለመቀበል ነው። እጮኛዋ ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። አባቱ ከዚያ በፊት በነበረው የካቲት የቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው ቀጥ ብሎ ሞቱ። እዚያ አገር በረዶው እርጥብና ከባድ ስለሆነ፣ ካልጠረጉት ጣሪያውን ይዞ ይወርዳል አሉ፤ የሚጠርገውም ወጣቱ ወደ ከተማ ስለሄደ ሽማግሌው ነው። እናቱ በዚያ ትልቅ የእንጨት ቤት ብቻቸውን ቀሩ። እኔም ያለችኝ ልጄ ብቻ ነች። አባቷ አፏን ሳትፈታ አዲስ አበባ ላይ ሞተ፤ እሷን ይዤ ኦስሎ ገባሁ፣ ቋንቋ ተማርኩ፣ ነርስ ሆኜ አዛውንቶች በሚጦሩበት ሲኬየም ተቀጠርኩ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። ልጄን «ቀባሪዬ» እያልኩ ነው ያሳደግኋት። በእኛ ዘንድ ይህ የፍቅር ቃል ነው፤ ሰው ሲመረቅም «ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። ኦስሎ ላደገ ልጅ ግን ሳይከብድ አልቀረም። ትንሽ ልጅ ሳለች መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ባርነሃገው ግቢ ውስጥ አሸዋ ሲቆፍሩ ውለው፣ ልወስዳት ስመጣ እያለቀሰች ሮጣ መጣችና «እማዬ፣ አትሙቺ፤ እኔ መቆፈር አልችልም» አለችኝ። አቅፌ ሳቅሁባት።

እጮኛዋን ብጠላው ይቀለኝ ነበር። ለትምህርት መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆኖ የቀረ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጫማውን ሲያወልቅ የጫማውን አፍንጫ ወደ በሩ አዙሮ የሚያስቀምጥ ልጅ ነው። መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ቀን አጎረስኩት። ወገቡን አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርፌ እንደሚወጋ ሰው አፉን ከፈተልኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩት። አኝኮ ሲጨርስ ሁለት መዳፉን ገጥሞ እጅ ነሳኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ እጁን ቤቴ መጥቶ አያውቅም።

ጃፓን ሲባል ለእኔ ጥሬ ዓሣ ነበር። የገበያ ማዕከሉ ውስጥ በፕላስቲክ የሚሸጠው፣ መሥሪያ ቤት የሰው ልደት ሲሆን የሚታዘዘው እሱ ነው። ልጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣልኝ ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ የክንድ ውፍረት ያለው ነገር ነበር፤ የደረቀ የበሬ ጅማት መስሎኝ ነበር። ነጭ ሥር ነው አለኝ፣ እንደ ቀይ ሥር ከመሬት የሚወጣ። ሌላው ጃፓን ይህንን ሥር በፀሐይ ያደርቀዋል። አኪታ ውስጥ ግን ሥሩ ከመሬት በሚወጣበት ወር ፀሐይ የለችም፤ ሳይደርቅ በረዶው ይደርስበታል። ስለዚህ ከጣሪያ ላይ ደርድረው ያንጠለጥሉትና ከሥሩ እንጨት እያነደዱ ቀን ከሌት ያጨሱታል፤ ከዚያ በሩዝ ፉርሽካና በጨው ይቀብሩታል። ፀሐይ ቢያጡ በጢስ አደረቁ። ቀጭን አድርጎ ቆርጦ ሰጠኝና ቀመስኩት። መጀመሪያ ጥርሴ ሥር ቀጭ አለ፣ ቀጥሎ ጢሱ መጣ። ልጅ ሆኜ አያቶቼ ዘንድ በወይራ ታጥኖ የሚቀርብልኝ የወተት ቅል ትዝ አለኝ። ደግሜ ቆረጥኩ።

በነጎድጓድ ወራት ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚመጣ ዓሣ አላቸው፤ እሱን በጨው ቀብረው ውሃውን ይወስዱታል፣ ሾርባ ውስጥ ጠብ የሚያደርጉት ነው። ጠርሙሱን የከፈተ ቀን መስኮቶቼን በሙሉ ከፍቼ፣ ጎረቤት እንዳይቆጣኝ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሾርባው ሲቀርብ ግን ሳህኔን አዘንብዬ ጠጣሁት። ከሩዝ የሚጠምቁትንም መጠጥ አመጣ። እሱን አልቀመስኩም፤ የጸሎት ቤት ሰው ነኝ። አሸተትኩት ግን፤ ማሽተት አልተከለከለም።

ከሁሉ ያሳቀኝ አነጋገራቸው ነው። «በእኛ ገጠር ሰው ሲናገር ብርድ አፉ እንዳይገባ ያሳጥራል» አለኝ በኖርዌጂያንኛ። እናቱ ምግብ አቅርበው «ብላ» ለማለት «ኬ» ይላሉ፤ የሚበላው ሰው «ኩ» ይላል፤ አለቀ። «እኛ ብንሆን ‹ብላ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እኔን ትቅበረኝ› ሳንል ሰው ጠረጴዛችን ላይ አይጎርስም» አልኩት። ይህን ስተረጉምለት ልጄ አፏን ሞልታ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ስለ ምግብ ስታወሩ ሞትን ለምን ታነሳላችሁ?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ። እንዲሁ እንላለን እንጂ ማን አስቦበት ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ያን ሁሉ የቀመስኩት ለፍቅር ብቻ አይደለም። ልጄን የሚወስድብኝ አገር ምን እንደሚያበላት ለማወቅ ነው። አንዳንዴ ስቀምስ ባይጣፍጥ ደስ ባለኝ እላለሁ።

እናቱ ኦስሎ ሊመጡ ነው ሲባል ጃፓኖች ምግብ በሚያነሱባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መብላት ልማር ብዬ ተነሳሁ። በሴትዮዋ ፊት ሹካ ይዤ መቀመጥ አልፈለግሁም። ልጁ አስተማረኝ፤ በሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ሽምብራ እያነሳሁ ስለማመድ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ደንቡ አያልቅም። እንጨቱን ሩዝ ላይ ማቆም ክልክል ነው፤ ለሙት የሚደረግ ነው። ምግብ መውጋት አይቻልም። ሳህን ውስጥ መፈተሽ አይቻልም። በእንጨት ሰው መጠቆም አይቻልም። እንጨት መላስ አይቻልም። «እኛ እጃችንን ታጥበን እንበላለን፤ ሌላ ሕግ የለንም» አልኩት። ሁሉንም ያዝኩ። አንድ ደንብ ብቻ አልነገረኝም፤ አልፈርድበትም፤ በሰው አእምሮ የሚመጣ ነገር አይደለም።

እናቱ በጥቅምት መጡ። በሬን ስከፍት ትንሽ፣ ወገባቸው በሩዝ ማሳ የጎበጠ፣ እጃቸው ግን የወንድ የሚያህል ሴት ቆመዋል። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ቀና ስል እሳቸው ገና አልተነሡም፤ አፍሬ ደገምኩ። እሳቸው ቀና ሲሉ እኔን ጎንብሼ አገኙኝና እንደገና ጎነበሱ። እንዲህ እያልን መተላለፊያው ላይ ስንቆይ ልጄ በግማሽ ኖርዌጂያንኛ «ያ፣ ያ፣ እሺ፣ በቃችሁ!» ብላ እየሳቀች ሁለታችንንም በክንድ ይዛ አስገባችን። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ወደድኳቸው። ስለወደድኳቸውም ተናደድኩ።

ቅዳሜ ቤቴ መጥተው የአገራቸውን ምግብ ሊሠሩልኝ ፈለጉ። ሩዛቸውን፣ ከአኩሪ አተር የተብላላ ሊጣቸውን፣ የጥድ እንጨታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተዋል። ሽርጤን ለበሱ፣ ድስቴን አነሱ፣ ቢላዬን በጣታቸው ፈተሹና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴት ልጄን ሊወስዱ የመጡ ሰው ወጥ ቤቴንም ያዙት ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

የተቀቀለውን ሩዝ በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግማሹ ፍሬ ሆኖ መቅረት አለበት። ከዚያ በእርጥብ እጅ በጥድ እንጨቱ ዙሪያ ይለጥፉትና ቡናማ እስኪሆን ይጠብሱታል። እንጨቱ ሲመዘዝ ሩዙ እንደ ቱቦ ይቀራል፤ እሱን ቆራርጠው የዶሮ መረቅ ውስጥ ይጨምሩታል። እንጉዳዩ ልጆቹ ግሮሩድ ጫካ ገብተው የለቀሙት ነው። ከነሥሩ የሚገባ የውሃ ዳር ቅጠል ነበር፤ ፉሩሴት ያለው የእስያ ሱቅ ድረስ ሄደን አጣነው። እኔ የሴለሪ ቅጠል አቀረብኩላቸው። አሸተቱት፣ አንድ ነገር አሉ። «ይሆናል አለች» አለችኝ ከእጮኛዋ ጃፓንኛ የለመደችው ልጄ። ፊታቸው ግን አይሆንም ነበር የሚለው። ልጄንም ለትልቅ ሰው «አለች» አይባልም፣ አንቱ በይ ብያት ሰልችቶኛል።

ምግቡ ሲደርስ ሴትዮዋ ከቦርሳቸው የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ አወጡ። ቀጭን፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ ፀሐይ ዓይናቸውን የወጋቸው ሽማግሌ ናቸው። መስኮቴ ላይ አቆሟቸው፤ በትንሽ ሳህን ከሁሉ በፊት ሩዝ ቆንጥረው ከፊታቸው አስቀመጡ፤ መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ። ለሙት ምግብ፣ በእኔ ቤት! ልጄ በልመና ዓይን አየችኝ። ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ እለፈኝ ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ምግቡ ይጣፍጥ ነበር። ጢስ የነካው ሩዝ መረቁን ጠጥቶ አፍ ውስጥ ይፈርሳል። በልጅነት ታመው ሲተኙ እናት የምታበላው ዓይነት ምግብ ነው። ሴትዮዋ ልጄን «ኬ» አሏት፤ ልጄ «ኩ» አለች፤ እንዲያ እየተባባሉ ሳህኗን ሲሞሉላት፣ እሷ ሳትግደረደር ስትበላ አየሁ። እኔ እኮ ለዚህች ልጅ አንድ ጉርሻ ለማጉረስ ስንት ዓመት ስለምን ኖሬአለሁ! «ኔይ፣ እማዬ፣ ራሴ እበላለሁ» ነው የምትለኝ። ቅናት ያዘኝ። ከቅናቱም ጋር ደግሞ ቸርነት መጣ፤ ሁለቱ አብረው እንደሚመጡ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምረው ቆመው ሠርተው ገና አንድ አፍ እንኳ አልበሉም ነበር። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ሰው በገዛ እጁ አይበላም።

በእጄ ላጎርሳቸው አሰብኩ። ግን ያን ሁሉ ሽምብራ የለቀምኩት ለምን ቀን ነው? ከድስቱ የዶሮውን ምርጥ ሥጋ በእንጨቶቼ ያዝኩ፤ አልወደቀብኝም፤ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ወደ አፋቸው አቀረብኩና «በሞቴ» አልኩ።

ሴትዮዋ አፋቸውን አልከፈቱም። እጃቸው ብድግ አለና በራሳቸው እንጨት ሥጋውን ከእኔ እንጨት ላይ ያዙት። ለጥቂት ጊዜ አራት እንጨት አንድ ሥጋ ያዘ። ከዚያ ለቀቁት፣ ሥጋው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። እንጨታቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ልጄን አጠር ያለ ጥያቄ ጠየቋት፤ ልጄ አልመለሰችም። ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ፤ ልጃቸው ተከተላቸው። በመስታወቱ ውስጥ የሁለቱ ጀርባ ይታየኛል።

«ምን አደረግሁ?» አልኩ።

ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ይቃጠላል። ከቃጠሎው በኋላ ቤተሰቡ ዙሪያውን ቆሞ የቀረውን አጥንት በረጅም እንጨት ይለቅማል። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው በእንጨቱ ይቀበለዋል፣ እየተቀባበሉ ማሰሮው ውስጥ ያስቀምጡታል። ከእንጨት ወደ እንጨት ነገር የሚተላለፈው በዓለም ላይ በዚያ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ማዕድ ላይ ማንም እንዲህ አያደርግም፤ ልጅ ቢያደርገው እጁን ይመታል። «የካቲት ላይ እሱና እናቱ ናቸው የአባቱን ያነሱት» አለችኝ።

«ቅድም ምን ጠየቁሽ?»

«እናትሽ ስትሰጠኝ ምን አለች? ነው ያለችኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ምን ልበላት፣ እማዬ?»

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ልጁ ላይ ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ ደንብ ሲያስቆጥረኝ ይህንን እንዴት ይረሳል? ግን ማን ያስበዋል፤ ጃፓን ውስጥ ማንም ማንንም አያጎርስም፤ ሐበሻ ደግሞ እንጨት አይዝም። በሁለቱ መሃል የቀረውን ጉድጓድ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ዘገነነኝ። ሥራዬ ነውና የሞተ ሰው ስንቱን አጥቤ ገንዣለሁ፤ የባልን አጥንት ከእሳት ውስጥ መልቀም ግን አስቤውም አላውቅም። በመጨረሻ ሐዘኑ መጣ። እነዚያ ትልልቅ እጆች ምን እንደያዙ ገባኝ፤ መስኮቱ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሴትዮዋ ከበረንዳው ሲመለሱ ፈገግ ብለው ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ አመስግነው ሄዱ። የድስቱ ግማሽ ሳይበላ ቀረ።

በማግስቱ ከጸሎት ቤት ስመለስ ሴትዮዋ ከልጄ ጋር በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሊያመሰግኑኝ ይሁን ሊቀየሙኝ የመጡት አልገባኝም። ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ አልኩ። ደገሙ፤ ደገምኩ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀመጥን። ከቦርሳቸው ያን የታጨሰ ሥር አወጡና ቆራርጠው ሳህን ላይ ደረደሩት። ያጨሱት ባለቤታቸው ናቸው አለችኝ ልጄ፤ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ኅዳር፣ እሳቱን ራሳቸው እየጠበቁ። የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ቀስ እያሉ መናገር ጀመሩ፤ ልጄ ትተረጉማለች።

«ትናንት የተነሣሁት ተቀይሜ አይደለም። እጄ ስላወቀው ነው። የካቲት ላይ እኔ ከወዲህ፣ ልጄ ከወዲያ ቆመን አባቱን አነሣን። ያኔ ያሰብኩት ስለ ባለቤቴ አልነበረም፣ ያሳፍረኛል። ያሰብኩት የእኔን ነው። ተራዬ ሲደርስ ልጄ ከአንድ በኩል ይቆማል። በሌላው በኩል ማን አለ? ይህ ነገር ብቻውን የሚሠራ አይደለም።»

ሴትዮዋ ቀጠሉ፤ ልጄ ግን መተርጎሙን ተወች።

«ተርጉሚ እንጂ» አልኳት።

«ኦስሎ የመጣሁት…» አለችና ቆመች። «ኦስሎ የመጣሁት ከልጄ ማዶ የሚቆመውን እጅ ለማየት ነው አለች። የእኔን እጅ ማለቷ ነው፣ እማዬ።» አንቱ በይ አላልኳትም።

ያን ጊዜ ከስንት ወር ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ነገር ፈነዳ። «እኔንስ?» አልኩ። «እኔን ማን ይቀብረኛል? ንገሪያቸው! እኔስ ስንት ልጅ አለኝ?» ጮኼ ነበር መሰለኝ። ልጄ ፊቷ ተለወጠ። የሰው እናት እሷን ሲለምኑ ለእኔ ተረጎመች፤ አሁን ደግሞ እኔ እሷን ስለምን ለሰው መተርጎም ነበረባት። በቀስታ ተረጎመችው።

ሴትዮዋ አልተከራከሩም። «በአገራችሁ ሰው የሚቀበረው እንዴት ነው? ስንት ሰው ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁ።

ይህንማ እኔ አውቃለሁ! አገሬን ማን አነሳብኝ። ወንበሬን ስቤ ነገርኳቸው። በእኛ አገር ሰው የሚቀበረው በአገር ነው አልኩ። ዕድር ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰፈሩ ሥራ ፈቶ ይወጣል። የተጣላ እንኳ ለቀብር ይመጣል። መንገደኛው አስከሬን ሲያይ ሸክሙን አውርዶ ይከተላል። ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ቤትህን ይሞላዋል፣ ምግብ ከየጎረቤቱ ይመጣል፣ ብቻህን የሚያስተኛህ የለም። ኖርዌይ ብንመጣስ አልቀረብንም! ከጸሎት ቤታችን አንዲት እኅት የሞተች ጊዜ ከድራመን፣ ከበርገን ሳይቀር ሰው መጣ። አካፋውን ከመካነ መቃብሩ ሠራተኞች እጅ ወስደው ወንዶቹ እየተቀባበሉ አፈሩን መለሱ፤ ኖርዌጂያኖቹ ሠራተኞች ኮፍያቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩን ነበር። እኔ በሥራዬ በሦስትና በአራት ሰው የሚሸኝ አይቻለሁ፤ የእኛ ሰው ግን ቀባሪ አያጣም አልኩ፣ እጄን እያወራጨሁ። ልጄ መጀመሪያ ላይ ፈጠን እያለች ትተረጉም ነበር። ኋላ ቀስ አለች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ ቀድማ አየች።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና እንዲህ አሉ፤ «እንግዲያውስ እርስዎ የሚቀብርዎት ብዙ ሰው ነው። ደስ ይላል። እኔ የሚያስፈልገኝ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ያለኝ ግን አንድ ነው።»

በገዛ አፌ ተያዝኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእኔ ግን ልጄን ጭምር አሳልፎ ሰጠ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ውሸት ቢሆን እመልሰው ነበር።

ሴትዮዋ ከሳህኑ አንዱን ቁራጭ አነሡ፤ በእንጨት ሳይሆን በጣታቸው። እንዴት እንደሚደረግ ልጄን አስቀድመው ሳይጠይቋት አልቀሩም፤ ሌላውን እጃቸውን ከሥር ደግፈው፣ ወደ አፌ አቀረቡና «ኬ» አሉኝ። ጎረስኩ። ቀጭ አለ፣ ጢሱ መጣ፤ እኚያ ሰው ያነደዱት የመጨረሻው እሳት አፌ ውስጥ ነበር። በዚያው ቆሙ። አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ አያውቁም። ልጄ በጃፓንኛ አንሾካሾከችላቸው፤ ደንግጠው ቶሎ ሁለተኛውን አነሡ። እሱንም ጎረስኩ። የጎረሰ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም፤ ይህን እኔው ነኝ ልጄን ያስተማርኳት።

ሚያዝያ ላይ ልጆቹ ሄዱ። ከልጄ ጋር በስልክ ስናወራ ሴትዮዋ ከጀርባዋ «ኬ» ሲሏት እሰማለሁ፤ «ኩ» ትላለች። በረዶውን የሚጠርገው ልጁ ነው፣ በወገቡ ገመድ አስሮ። እሷ ከታች ቆማ ገመዱን ትይዛለች። እጇ እንዳይቆስል ጓንት አድርጊ እላታለሁ፤ «ያ፣ እማዬ» ትለኛለች።

ያን እሑድ ግን ጉርሻውን ከዋጥኩ በኋላ አንድ ነገር ብያታለሁ። «ንገሪያቸው» አልኳት። «የሚቀብረኝስ ሞልቷል፤ እውነታቸውን ነው። የሚያለቅስልኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።» ሴትዮዋ ትርጉሙን እየጠበቁ አንዴ እኔን አንዴ ልጄን ያያሉ። ልጄ ይህችን አልተረጎመችላቸውም።